ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ የካርድ ክፍልን ሥራ በደቂቃ ለኩልን

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የምሠራው ድሬዳዋ ባለ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራችን ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ቁጥር ተቀብሎ ካርድ ማውጣት።

በቀደም አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ከገጠር መጡ። የካርድ ቁጥሩ የተጻፈበት የልጁ መታወቂያ ጠፍቷል። ስሙን አንዱ መዝጋቢ «መሐመድ»፣ ሌላው «ሙሐመድ»፣ ሌላው «ማሃመድ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። የአባቱም የአያቱም ስም እንደዚያው። በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚነገረንን ስም በአማርኛ የምንጽፈው ጆሯችን እንደሰማው ነው። ዕድሜም በግምት ነው። ተመሳሳይ ስሞችን አንድ በአንድ እያነበብን፣ ቀበሌውን እየጠየቅን የሕክምና ካርዱን አገኘነው። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ባናገኘው አዲስ ካርድ ነበር የምናወጣለት። የበፊቱ የሕመም ታሪኩ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር፤ ሐኪሙም ሳያየው ያክመው ነበር።

በወሩ ሪፖርት ላይ ግን ይህ ሩብ ሰዓት «1 ነባር ታካሚ» ነው። ቁጥሩን ይዞ መጥቶ በሁለት ደቂቃ የተስተናገደውም «1» ነው። የሰው ኃይል በዚህ ቁጥር ከተሰላ ሁሌም በቂ ሰው ያለን ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሥራ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ የሚያሰላ፣ ዊስን የሚባል ዘዴ አለው። መመሪያውን በ2010 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ አውጥቶታል። የዓመት ፈቃድ፣ በዓል፣ ሕመምና ሥልጠና ተቀንሶ አንድ ሠራተኛ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይሰላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሥራ በደንብ ሲሠራ የሚወስደው ጊዜ ይለካል። ከሥራው ብዛት ጋር ተሰልቶም ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ይወጣል። ያለው ሠራተኛ ለሚያስፈልገው ተካፍሎ ከ1 ካነሰ፣ ጫና አለ ማለት ነው። ለምሳሌ በቀን 300 ካርድ ቢወጣና እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ቢወስድ 20 ሰዓት ይሆናል። በ8 የሥራ ሰዓት ሁለት ሰው ተኩል ይፈልጋል፤ ካርድ መመለሱ ሳይቆጠር።

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። አማካይ ብቻውን የእኛን ቀን አያሳይም። በድሬ ሙቀት ሰው የሚመጣው በማለዳ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት መስኮቱ ይጨናነቃል፣ ከሰዓት ይቀላል። ወረርሽኝም አለ። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲያምሱ፣ ትኩሳት ይዞት ወደ ሆስፒታል የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ካርድ ክፍል በር ላይ ነበር።

እባካችሁ፣ ሰዓት የያዘ ሰው ለአንድ ሳምንት ላኩልን። ፍለጋውን፣ ማውጣቱን፣ ወደ ሐኪሞቹ ማድረሱን ለየብቻ ይለካ። ማታ ከየክፍሉ የሚመለሱትን ካርዶች ሳያይ ግን አይሂድ። ማታ በቦታው ያልተመለሰ ካርድ ነው በማግስቱ ጠዋት «ጠፋ» የሚባለው።

ከአንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ