ውኃውን ሳታወጪ ማዳበሪያ አትበትኚ

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ሀገር ጦርነት ላይ ሆና፣ ጉልበት ያለው ወጣት ዘምቶ፣ ከዚያችው አንድ ሄክታር የሰንዳፋ መሬት ተጨማሪ ስንዴ እንዴት እንደሚገኝ ጠይቀሽኛል። ማዳበሪያው በልክ ስለሆነ በማረሻና በአካፋ ከሚሠራው ጀምሪ።

መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ሐምሌ ላይ ውኃ ይቋጥራል። ስንዴው ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሲሆን ሰው ሁሉ «ማዳበሪያ አነሰው» ይላል። ዩሪያ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ቡቃያ ከነአፈሩ ነቅለሽ ሥሩን እዪ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ምግብ አንሶት ሊሆን ይችላል። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚላጥ፣ አፈሩም የረግረግ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኗል። በዚያ ላይ የተበተነ ዩሪያ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል። በዚህ ጊዜ የተገኘች ማዳበሪያ እንዲህ ስትባክን ያንገበግበኛል።

ውኃውን ለማውጣት ማሳውን በመደብና በቦይ ከፋፍዪው። የመደቡን ወርድ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የቦዩን 40 ሳንቲ ሜትር አድርጊ፤ ጥልቀቱ 15 ያህል ይበቃል። ቢ.ቢ.ኤም. የሚባለውን በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ ካገኘሽ በእሱ ይወጣል፤ ካጣሽ በማረሻ አውጥተሽ በአካፋ አስተካክዪው። ቦዩ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ አፈሩን ይዞት ይሄዳል፤ አግድመሽ፣ ለዘብ ባለ ተዳፋት፣ ሣር ወደበቀለበት መውረጃ አግቢው። የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይደፋ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ውኃው ከወጣ ክረምቱ እስኪያልፍ ሳትጠብቂ ሰኔ መጨረሻ ላይ መዝራት ትችያለሽ፤ ሰብሉም ውርጭ ሳይቀድመው ይደርሳል።

በመስመር ለመዝራት ለሄክታር 125 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሰው ካጣሽ ግን መስመር ካልሆነ ብለሽ ቀን አታሳልፊ። 150 ኪሎ በትነሽ በጊዜ መዝራት ዘግይቶ በመስመር ከመዝራት ይሻላል። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ለሄክታር 100 ኪሎ ከዘሩ ጋር ይግባ። ከዩሪያው ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ ቀሪውን ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሲናሩ (ስንዴ የሚመስለው የዱር አጃ) እና ሌላው አረም ከተነቀለ በኋላ ስጪው፤ አለዚያ የምትቀልቢው አረሙን ነው።

ከነሐሴ ጀምሮ በየሳምንቱ ማሳው መሐል ገብተሽ ቅጠል እዪ። ቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ጣትሽን ከነካው ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የፈጀው እሱ ነው። ቲልት የሚባለው የዋግ መድኃኒት 0.5 ሊትር ለሄክታር፣ በ200 ሊትር ውኃ፣ ገና ጥቂት ቅጠል ላይ እያለ ይረጫል። ዋጉ ከዛላው ሥር ያለውን ዋናውን ቅጠል ከሸፈነ በኋላ የተረጨው ብዙም አያድንም።

የግጦሹን መሬት እንረስ ለሚሉሽ እሺ አትበዪ። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የግጦሽ መሬቷን ገልብጣ ስንዴና ድንች አብቅላለች፤ እሷ ግን ትራክተር ነበራት። እኛ የምናርሰው በበሬ ነው፤ በሬው ደግሞ ያንን ሣር ይበላል።

ከተወቃ በኋላ እርጥበቱን በጨው ለኪ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ ስንዴና አንድ ማንኪያ የደረቀ ጨው ጨምረሽ ነቅንቂ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ገና አልደረቀም። የደረቀውን ፒክስ በሚባለው፣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ባለው የእህል ከረጢት ክተቺ፤ ሁለቱን ላስቲኮች አየር አስወጥተሽ ለየብቻ እሰሪያቸው። ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል። እርጥቡ ግን እዚያው ይሻግታል።

ለስንቅ በሶ የምታዘጋጁት ሴቶችም ዱቄቱ ከወፍጮ እንደወጣ ትኩሱን አትቋጥሩት፤ ላቡ ያበላሸዋል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥታችሁ ሲቀዘቅዝ ክተቱት።

ደቦ ስትጠሩ የዘማቾቹን ማሳ ለመጨረሻ አታቆዩት። ቦያቸው ከእናንተ ጋር በአንድ ሳምንት ይውጣ፤ ታች ያለው ማሳ ካልተከፈተ የላይኛው ውኃ እዚያው ይተኛል።

አባትሽ