ስለ ጨው ውኃ መዋኛ ገንዳችን ለአባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

የጋራ መዋኛ ገንዳችን ወደ ጨው ውኃ ከተቀየረ ወዲህ «ከክሎሪን ተገላገልን» የሚል አስተያየት ደጋግመን በመስማታችን ይህን ማስታወሻ ልከናል። ጨው ብቻውን ጀርም አይገድልም፤ ክሎሪኑን የሚያመነጨው ውኃው በመሣሪያው ሴል (ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሳህኖች ባሉበት ክፍል) ውስጥ ሲያልፍ ጨውን የሚለውጠው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የጨው መጠኑ በሊትር 3 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ጨው ከውኃ ጋር ስለማይተንም ፀሐይ ለቀነሰችው ውኃ የምንተካው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚያስቸግረን ፒኤች፣ ማለትም የውኃው የአሲድነት መለኪያ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል)። ከሴሉ የሚወጡት የሃይድሮጂን አረፋዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ስለሚያስወጡ ፒኤቹ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ከ7.8 ሲያልፍ ክሎሪኑ ይዳከማል፣ በሴሉ ሳህኖች ላይም እንደ ቆየ የሻይ ጀበና ውስጥ ያለ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ባለፈው ቅዳሜ ሴሉን ስንፈታ ያገኘነው ይህንኑ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነው።

ስለሆነም ተረኛ አባላት በሳምንት ሁለት ጊዜ ፒኤችና ክሎሪን ለክተው ውጤቱን በፓምፕ ክፍሉ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ፣ ፒኤቹን ለማውረድ አሲድ ሲያቀጥኑም ጓንትና መነጽር አድርገው አሲዱን ወደ ውኃው እንጂ በምንም ምክንያት ውኃውን ወደ አሲዱ እንዳይጨምሩ በአክብሮት እናሳስባለን።

የገንዳው ኮሚቴ