ዕፅዋት «ያወራሉ» ስለተባለው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ዕትማችሁ ዕፅዋት እርስ በርስ እንደሚያወሩ የወጣውን ጽሑፍ በጉጉት ባነብም፣ ነገሩ በምን መንገድ እንደተደረሰበት ሳይገለጽ መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። አዲስ የታጨደ ሣር ሽታ ለሁላችን እንግዳ አይደለም፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚለቃቸው በቀላሉ የሚተኑ ውህዶች ሽታ ነው። ተመራማሪዎች ተክሉን በከረጢት ሸፍነው፣ አየሩን ሽታ በሚይዝ ማጣሪያ ውስጥ ያሳልፉና የተያዘውን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ለያይተው በማስ ስፔክትሮሜትር ምንነቱን ያውቃሉ። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ከዚሁ መሣሪያ ጎን የተርብ አንቴና (በራሷ ላይ ያለው የማሽተቻ ቀንድ) ተቆርጦ በሽቦ መያያዙ ነው፤ ተርቧ የምትለየው ውህድ በደረሰ ጊዜ ከአንቴናው ላይ ጥቂት የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘገባል።

ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ አንዳንድ የላቲን አሜሪካ ነባር የበቆሎ ዝርያዎች የአገዳ ቆርቁር እራት እንቁላሏን ስትጥልባቸው፣ ትሉ ገና ሳይፈለፈል፣ ሽታ ለቅቀው ጥገኛ ተርቦችን፣ ማለትም በተባዩ እንቁላል ወይም ትል ውስጥ የራሳቸውን እንቁላል ጥለው የሚገድሉትን፣ ወደ ራሳቸው እንደሚስቡ አሳይተዋል። ለንጽጽር የቀረቡት በገበያ የሚሸጡ የተዳቀሉ የበቆሎ ዝርያዎች ግን ይህን አላደረጉም። ይህን «ወሬ» ከማለት «የድረሱልኝ ጥሪ» ማለት ይቀርባል ባይ ነኝ፤ እርሱም ቢሆን ተክሉ አስቦበት የሚያሰማው አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ፣ ገበሬዎቻችን በየጎተራቸው ያቆዩት የበቆሎና የማሽላ ዘር በዚህ ረገድ ተፈትሾ እንደሆነ የዘርፉን ባለሙያዎች ጠይቃችሁ እንድታስነብቡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ