10²³ ወደ 1023 እንዳይወርድ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«6.02×1023» ተብሎ የታተመ ቁጥር ያየ አንባቢ ጸሐፊው የተሳሳተ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጸሐፊው 10²³ ብሎ በትክክል ጽፏል፤ አራሚውም አይቶ አሳልፎታል። ቁጥሩ የሚበላሸው ጽሑፉ ከዎርድ በፕሌይን ቴክስት ወጥቶ ወደ ገጽ አቀናባሪው ሲሄድ ነው። ፕሌይን ቴክስት የሚይዘው ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው። «ይህ ከፍ ብሎ ይጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ከእነዚህ አንዱም ስላልሆነ ይጠፋል፤ 23ቱም ወርዶ ከ10 ጋር ይለጠፋል። የአቮጋድሮ ቁጥር (በአንድ ሞል ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ብዛት፣ 6.02×10²³) በዚህ ዓይነት ወደ 6,158 ገደማ ይወርዳል። የኤሌክትሮን ቻርጅ፣ 1.602×10⁻¹⁹ ኩሎምብ፣ «10-19» ሆኖ ሲወጣ ደግሞ «ከ10 እስከ 19» ተብሎ ይነበባል።

የአማርኛ ጽሑፍ ኢንኮዲንጉ (ፊደላቱ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጡበት ኮድ) ከተሳሳተ ገጹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ስለሚሆን ማንም ያየዋል። 1023 ግን ደህና ቁጥር ይመስላል፤ የፊደል ማረሚያውም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት መጀመር አለበት።

አርቢውን፣ ማለትም ከፍ ብሎ የሚጻፈውን ቁጥር፣ በሚታይ ምልክት እሰሩት፦ 10^23። ይህን በዎርድ «ፈልግና ተካ» መስኮት በአንድ ጊዜ መሥራት ይቻላል። የፍለጋው ሳጥን ባዶ ይሁን፤ ጠቋሚው እዚያው እያለ ከፎንት ምርጫው ሱፐርስክሪፕትን (ከፍ ብሎ የሚጻፍ) ምረጡ። በመተኪያው ሳጥን ^^^& ጻፉና ሱፐርስክሪፕቱን አጥፉ። ዎርድ ^ን ለራሱ ትእዛዝ ስለሚጠቀምበት ምልክቱ ራሱ እንዲጻፍ ሁለት ጊዜ መደገም አለበት፤ ^& ደግሞ «የተገኘውን እንዳለ መልሰው» ማለት ነው። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥሮችም ሱፐርስክሪፕት ስለሆኑ፣ ጽሑፉ እነሱ ካሉበት አንድ በአንድ እያያችሁ ተኩ። በኢኩዌሽን ኤዲተር የተጻፈ ቀመር በዚህ ፍለጋ አይገኝም፤ እሱን ለብቻው አስተካክሉ።

አንዳንዶች በዩኒኮድ (ፊደላትን በኮድ በሚይዘው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) ከፍ ብለው የተቀረጹትን ትንንሽ ቁጥሮች መጠቀም ይመርጣሉ። እነሱ በፕሌይን ቴክስት አይጠፉም። ነገር ግን ¹፣ ² እና ³ ከድሮው የላቲን ሠንጠረዥ የመጡ ሲሆኑ የቀሩት ሌላ ቦታ ላይ ናቸው፤ ሦስቱን ይዞ ሌሎቹን ያልያዘ ፎንት ሲያጋጥም የ10²³ እና የ10²⁴ አርቢዎች በመልክም በከፍታም ይለያያሉ። ለኅትመት የሚሄድ ጽሑፍ ላይ ^ ይሻላል እንላለን።

የማባዣው ምልክት × ይሁን እንጂ የላቲኗ ኤክስ አትሁን። አሉታዊው አርቢ ሰረዝ ሳይሆን እውነተኛውን የመቀነስ ምልክት (−) ይያዝ፤ በሰረዝ ላይ መስመር ሊሰበር ይችላል። ፋይሉን ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ 8 የተባለውን ኢንኮዲንግ ምረጡ።

ሠንጠረዥ ከኤክሴል ሲመጣ ሌላ ችግር አለ። ኤክሴል ወደ ጽሑፍ ፋይል የሚያወጣው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነው። የብርሃን ፍጥነት፣ 299,792,458 ሜትር በሰከንድ፣ ሴሉ በሳይንሳዊ አጻጻፍ በሁለት አሥርዮሽ ቤት ከተቀመጠ 3.00 ብቻ ሆኖ፣ ከአጠገቡ የላቲኗ «ኢ» እና +08 ተከትለውት ይወጣል። የተቀሩት አሃዞች በወጣው ፋይል ውስጥ የሉም፤ ገጽ አቀናባሪውም ከየትም አያመጣቸውም። የአሥርዮሹ ቤት ብዛት ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት ይስተካከል።

ገጽ አቀናባሪው በኢንዲዛይን (በገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም) የሚሠራ ከሆነ በግሬፕ ፍለጋ (አንድ ቃል ሳይሆን የአጻጻፍ ቅርጽ በሚፈልገው) (?<=\^)[-−]?[0-9]+ ብሎ ለሚገኘው ሁሉ የሱፐርስክሪፕት ስታይል ይስጥ፤ ቀጥሎ \^ን ፈልጎ በባዶ ይተካ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ^ ቀድሞ ከጠፋ አርቢው የቱ እንደሆነ የሚለይበት ነገር አይኖርም። ፕሮግራሙ በሁለቱም ጊዜ ስንት ቦታ እንደተካ ይናገራል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ላይ በ^ እና በአርቢው መካከል ክፍት ቦታ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሥራውን መልሶ ያንን መፈለግ ያስፈልጋል።

የምንጠይቀው፣ ጋዜጣው ከጸሐፊዎች ጽሑፍ በሚቀበልበት መመሪያ ላይ «አርቢ በ^ ይጻፍ» የሚል አንድ መስመር እንዲጨምርና፣ አራሚው የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ከፍቶ «×10» ያለበትን ቦታ ሁሉ ከጸሐፊው ቅጂ ጋር እንዲያመሳክር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳይንስ ጽሑፍ አራሚዎች