ዓመታዊ ዝናብን ካለፈው ዓመት ጋር ብቻ ማነጻጸር አንባቢን ያሳስታል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአገራችን ዓመታዊ ዝናብ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል በመቶ ጨመረ ወይም ቀነሰ የሚሉ ዜናዎችን በጋዜጣችሁም በሌሎች መገናኛ ብዙኃንም በየጊዜው አነባለሁ። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ መልክ ብቻውን ሲቀርብ አንባቢው ስለ ክረምቱም ሆነ ስለ አዝመራው የሚያገኘው መረጃ እምብዛም ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ የተሳሳተ ግምት ይዞ ይሄዳል።

መደበኛ ዝናቡ 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወረዳ እንውሰድ። በድርቅ ዓመት ዝናቡ በ30 በመቶ ቀንሶ 700 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በቀጣዩ ዓመት በ30 በመቶ ቢጨምር፣ የዜናው ርዕስ «ዝናቡ በ30 በመቶ ጨመረ» የሚል ይሆናል። የዘነበው ግን 910 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወረዳው አሁንም ከመደበኛው በታች ነው ማለት ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አገሮች የ30 ዓመት አማካይን መነሻ እንዲያደርጉ የሚያሳስበው፣ አሁንም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ዘመን በመነሻነት የሚያገለግለው፣ አንድ ዓመት ለሌላው ዓመት ሚዛን መሆን ስለማይችል ነው። ይህን የ30 ዓመት አማካይ ከየዜናው ጎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ብዙ ቦታ የሚወስድ አይመስለኝም።

ከዚህ የሚብሰው ግን አገራዊ አማካይ የሚባለው ቁጥር ነው። በአፋር ቆላ ዓመቱን ሙሉ 200 ሚሊ ሜትር የማይደርስባቸው ቦታዎች ሲኖሩ፣ በኢሉባቦር በኩል ደግሞ ከ2,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የዝናብ ወቅቶቹም ቢሆኑ አንድ አይደሉም። መካከለኛውና ሰሜናዊው ደጋ በዋናነት የሚያርሰው በክረምት ሲሆን፣ በልግ ለአንዳንዱ ዋና፣ ለሌላው ድጎማ ነው፤ ቦረናና የሶማሌ ክልል ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ዝናብ የሚያገኙት ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ የእኛ ክረምት ለእነርሱ ደረቅ ወቅት ነው። ይህን ሁሉ ደምሮ ለአንድ አገር አንድ ቁጥር ማውጣት ሒሳቡ ባይከብድም፣ የትኛውም ገበሬ ወይም አርብቶ አደር የኔ ነው የሚለው ቁጥር አይሆንም።

የ2007 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በርትቶ የነበረው ኤል ኒኞ፣ ማለትም የውቅያኖሱ የላይኛው ውሃ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት፣ የክረምቱን ዝናብ አዳከመው፤ በልጉም ቀደም ብሎ ከድቶ ስለነበር አፋር፣ ምሥራቅ አማራ፣ ምሥራቅ ትግራይ፣ ሐረርጌና ሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ክፉኛ ተጎዱ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ ዕርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። ሆኖም ያው ኤል ኒኞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የደቡብ ምሥራቁን ዝናብ የማጠናከር ጠባይ ስላለው፣ በዚያው መኸር በሶማሌ ክልል ደቡባዊ ክፍል ጎርፍ እስከ ማስከተል የደረሰ ዝናብ ወረደ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በ2012 መጀመሪያ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በእጅጉ በመሞቁ ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ ከልክ ያለፈ ዝናብ አገኙ፤ የኤል ኒኞ ተቃራኒ የሆነው፣ ያው ውሃ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ላ ኒና ሲከተል ግን ከ2013 እስከ 2015 አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉባቸው፤ የቦረና ከብት አለቀ። በእነዚያው ዓመታት በደጋው ብዙ ቦታ ክረምቱ መልካም ነበር። የሁለቱን አካባቢዎች ዝናብ ደምሮ «መደበኛ ዓመት ነበር» የሚል ዜና ቢወጣ በሒሳብ ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ግን ምን ብሎ ያነበዋል?

በነገራችን ላይ የዘመን አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የአውሮፓውያኑ 2015 በልጉን፣ ክረምቱንና ቀጥሎ ያለውን የደቡብ ዝናብ በአንድ ዓመት ይይዛል፤ በእኛ ግን በልጉና ክረምቱ በ2007፣ የደቡቡ ዝናብ በ2008 ይወድቃል። «የ2008 ዓመታዊ ዝናብ» ተብሎ ሲጻፍ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይሁን ወይስ ከውጭ ዘገባ ሰባት ወይም ስምንት ተቀንሶ የተገኘ ዓመት ይሁን፣ ብዙ ጊዜ ከዜናው መረዳት አይቻልም። ዘጋቢዎቻችሁ ወሩን ቢጠቅሱ ይህ ሁሉ ግርታ ባልኖረ ነበር።

የዓመቱ ድምር ዝናቡ መቼ እንደ ጀመረና መቼ እንዳቆመም አይናገርም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስታገኝ፣ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚወርድ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው ብሂል ከመዝሙሩ ጋር ልጆች ሳይቀሩ የሚሉት ነው፤ ነገር ግን ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ እውነትም በቡሄ ማግስት ዝናቡ ቢቋረጥበት፣ የሐምሌው ጎርፍ የዓመቱን ድምር ከመደበኛ በላይ ቢያደርገውም እንኳ ፍሬ አይዝም። በእህል በረንዳ ያሉ ነጋዴዎችን ያነጋገረ ሰው ይህን በሚገባ ይረዳል፤ እነርሱ የሚጠይቁት በአርሲ በልጉ እንዴት ሆነ፣ በጎጃም ክረምቱ መቼ ገባ ብለው ነው። ዓመታዊ ድምር ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም።

እዚሁ መሃል ከተማም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ፒያሳ ላይ ዶፍ ሲወርድ መስቀል አደባባይ ፀሐይ መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር በአንድ ሰዓት ከወረደ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር አስፋልት ላይ 40 ሊትር ፈስሷል፤ ያ ሁሉ የአራት ኪሎን ቁልቁለት ይዞ በግንፍሌና በቀበና ወንዞች ዳር ወዳሉት ቤቶች ይወርዳል። ይኸው 40 ሚሊ ሜትር በአሥር ቀን ተከፋፍሎ ቢዘንብ ኖሮ ግን ማንም ልብ አይለውም ነበር። የዝናብ መለኪያው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲነበብ የሚገኘው የ24 ሰዓቱ ድምር ነው፤ የጎርፍ ዜና ሲዘገብ ግን ከዚህ ድምር ይበልጥ የሚያስፈልገው ዝናቡ በስንት ሰዓት ውስጥ ወረደ የሚለው ነው። በሌላ በኩል የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ የሚይዙት በከተማው ውስጥ ከሚወርደው ዝናብ ሳይሆን በየራሳቸው ተፋሰስ ላይ ከሚወርደው ነው፤ ስለዚህ ቤታችን ደጃፍ ላይ በብዛት ስለዘነበ ብቻ የቧንቧ ውሃ ፈረቃ ይቀራል ብሎ መጻፍ አያስኬድም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ሲያወጣ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ለሚሉት ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠውን ዕድል ከነመቶኛው፣ በየአካባቢው ለይታችሁ አትሙልን፤ «ዘንድሮ ጥሩ ዝናብ ይኖራል» ብላችሁ አታሳጥሩት። በጥቅምት ደግሞ ትንበያውን ከወረደው ዝናብ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሳምንት ጨምራችሁ አቅርቡልን። ቦታ ካጠረ ትንበያውን በየአካባቢው ከሚያሳየው ካርታ ይልቅ ካለፈው ዓመት ጋር የሚደረገው ንጽጽር ቢቀር እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ