አባዬ፣ ሊብሬው የት ነው?

ለውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የአዳማ ሙቀት ለጉልበትህ ተስማማው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሚሚ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት ልትበልጠኝ ነው። ትንሹ ጥርሱ ወልቆለት ጣሪያ ላይ ወርውሮ ሲያበቃ፣ አዲሱ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ያደርቀናል።

የቮልሷን ነገር በደወልክ ቁጥር ትጠይቀኛለህ። ሞተሩ ወርዷል። አራቱን ቡሎን ፈትተን በክሪክ ደግፈን አወጣነው። እንደጠረጠርከው የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ተቃጥሏል። የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ይከለክለዋል ትል አልነበር? ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል። ማሙሽ ስልኩን ያያል። የምሠራው እኔ ነኝ።

ክራንክሻፍቱን ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ያለው ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ሰውየው ለካና 0.25 ሚሊሜትር መላጨት አለበት አለ። ማሙሽ ደግሞ ማን ቅደም እንዳለው እንጃ፣ ከሶማሌ ተራ ስታንዳርዱን ብሮንዚን፣ ላልተላጨ ክራንክ የሚሆነውን፣ ገዝቶ ጨርሷል። ነጋዴው አልመልስም ብሎ ድርቅ አለ። ጋሼ እንደ ሽማግሌ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ አስለወጠው።

ቫልቮቹን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ 0.15 ሚሊሜትር። ቀጭኗ መለኪያ ስትገባም ስትወጣም ትንሽ ያዝ ማድረግ አለባት። ከላላች ይንኳኳል፤ ከጠበቀች ቫልቩ ይቃጠላል። እጄ ቶሎ ለመደው። ያኔ ከጎንህ የምታቆመው ማሙሽን ነበር፤ ዳዶና ቡሎን እንኳ ሳይለይ። እኔ ካቻቢቴ ሳነሳ "አንቺ ቡናውን እይ፣ እጅሽ ይቆሽሻል" ትለኝ ነበር። ረስተኸው ይሆናል። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በበር ቀዳዳ እያየሁ ነው። አንድ ቀን "ነይ ያዥልኝ" ብትለኝ ምን ነበረበት? ይሁን። ይህን ላነሳ አልነበረም።

የዓይን ጠብታህን ማታ ማታ ታደርጋለህ? እህቴ ደክሞኛል እያለ ያልፈዋል ብላኛለች። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፣ ጠብታው የቀረውን ነው የሚጠብቀው። ባለፈው ሚሚ ከጎንህ ሆና ሲኒውን ስትዘረጋልህ አላየሃትም። ሲኒው ሲወድቅ እሷን ተቆጣሃት። ልጅቷ ዝም አለች፤ ማታ ግን "አያቴ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። ቸርችል ጎዳና አምሮበታል፤ እግረኛው ግን ያው ነው፣ ከጎን ብቅ ይላል።

ለፋሲካ ስትመጣ ቮልሷ ትነሳለች። የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ማርሽ አስገባሽው፣ አላስገባሽውም እያልክ ተቆጣኝ። መልሱን በስልክ እንዳትነግረኝ፤ አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ።

ሊብሬውን ፈልገህ ለእህቴ ስጣት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእማዬ ፎቶ ጋር ነው ብለኸኝ ነበር፤ እዚያ የለም። ቦሎ ሳላወጣላት ከግቢ አትወጣም። ቁልፎቹንም አብረህ ላክልኝ፤ ሁለቱንም።

ልጅህ