ያቺ የፍሎበር ክርክራችን

ሊድስ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባልንጀራዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጉልበቴን ይነካካኛል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም።

አራት ዓመት ሆነን። እናትህ ያረፉ ጊዜ ወሬው በማግስቱ ደርሶኛል። ስልኩን አንስቼ ምን እንደምልህ ቢጠፋኝ «ነገ ረጋ ብዬ እደውላለሁ» አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸው ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለቴ ራሱ እያሳፈረኝ ይበልጥ ዝም አልኩ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንተንም እግዜር ያጽናህ። ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርልህም።

ብዕር ያስነሱኝም እርሳቸው ናቸው። አጎትህ ባመጡት ፍሎበር፣ በዚያች የአየር ጠመንጃ፣ ጓሮ ውስጥ ጣሳ ደርድረን ስንተኩስ፣ ማድ ቤት ቁጭ ብለው «ይቺ ስታለች… ይቺ ጣሳ መታች… ኧረ ጋኔን ሰበራችሁት!» ይሉን አልነበር? አንዴም ተሳስተው አያውቁም። የሚያዳምጡት ጠመንጃውን ሳይሆን የእርሳሷን፣ የጥይቷን ማለቴ ነው፣ ማረፊያ ነበር። ይህች ነገር እስክትገባኝ ድረስ እኔ እዚህ ሁለት ጠመንጃ ገዝቻለሁ።

አትሳቅ። የኢላማ ክበብ ገብቼ ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩሳለሁ። በእንግሊዝ ጉልበቷ ከ12 ጫማ-ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ጁል ገደማ ያልበለጠች የአየር ጠመንጃ ለአዋቂ ሰው ፈቃድ አያስፈልጋትም። በገዛ ጓሮህም መተኮስ ትችላለህ። እርሳሷ አጥር ከዘለለች ግን ሕግ ፊት ትቀርባለህ። (ስኮትላንድ ሌላ ነው፤ እዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ፈቃድ ይጠየቃል።) እኔም ጓሮዬ ጫፍ ላይ የብረት ሳጥን አቁሜ፣ ወረቀት ለጥፌ፣ የአፈሙዝ ቀዳዳዋ 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነችውን፣ በሞላ (በስፕሪንግ) የምትሠራ ጠመንጃዬን ይዤ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን አሮጊት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ድመታቸው አልጋ ሥር መግባቷን ነገሩኝ። በጣም በትሕትና ነው የነገሩኝ፤ እዚህ አገር ትሕትና ሲበዛ መፍራት ነው።

ያኔ የመጨረሻው የስልክ ክርክራችን ትዝ አለኝ። እኔ «ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል» ስል አንተ «በገና ከማሲንቆ ይተልቃል፤ ሰፈር የሚቀሰቅሰው የቱ ነው?» ብለህ ዘጋኸኝ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ሄጄ ባለ 4.5 ገዛሁ፤ ያውም በሞላ ሳይሆን ከአየር ሲሊንደር በሚሞላ የታመቀ አየር የምትሠራውን። የመጀመሪያውን ጥይት ስለቅ «ጧ!» ብላ ከአጥር ላይ እርግቦች ተነሡ። ድመቷም ያንን ሳምንት ከአልጋ ሥር የወጣች አይመስለኝም።

ነገሩን የፈታልኝ የክበባችን አንድ ሽማግሌ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በአፈሙዝ ርዝመትም በጉልበትም እኩል የሆኑ ሁለት የታመቀ አየር ጠመንጃዎች አሉት፤ አንዷ 4.5፣ አንዷ 5.5። ሠላሳ እርምጃ ርቄ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ እሱ እያፈራረቀ ተኮሰ። የ4.5ቷ ሹል ናት፣ እንደ ጅራፍ ጫፍ። የ5.5ቷ ወፈር ያለች፣ ትራስ በጡጫ የተመታ ዓይነት፤ ለጆሮም ለስለስ ትላለች። በገናህ አሸነፈ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎሚስታ ቤት የጎማው ቫልቭ ሲነቀል የሚወጣውን ጩኸት ታውቀዋለህ። የዚህ ጠመንጃ ጩኸትም እሱው ነው፤ እርሳሷ ከአፈሙዙ ስትወጣ ከኋላዋ ገና ታምቆ የቀረው አየር በአንዴ ሲለቀቅ ይፈነዳል። ወሳኙ በመጨረሻዋ ቅጽበት የቀረው ግፊት ነው። የ5.5 ቀዳዳ ስፋት ከ4.5ቱ በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ አየሩ የሚገፋበት ፊት ሰፊ ስለሆነ ለዚያው ጉልበት ያን ያህል ግፊት አይፈልግም። ውስጡም ሰፋ ስለሚል አየሩ ሳይወጣ በፊት ይበልጥ ተዘርግቶ ይደክማል። ታዲያ ሰው ሁሉ ትልቁ ይጮኻል የሚለው ለምንድን ነው? ገደብ በሌለበት አገር 6.35ንና ከዚያ በላይ ያለውን የሚገዛ ሰው ጉልበት ፈልጎ ስለሚገዛ ነዋ! የሚጮኸው የተጨመረው አየር ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን ቀዳዳው።

የትንሿ ሌላው ጣጣ ፍጥነት ነው። በዚህ አገር ገደብ ግማሽ ግራም የምትሆነዋ የ4.5 እርሳስ በሰከንድ 240 ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ አንድ ግራሟ የ5.5 ደግሞ 175 ያህል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት 343 ሜትር ስለሚሄድ ሁለቱም አይደርሱበትም። ገደብ በሌለበት አገር ግን ቀላል ጥይት ያጎረሷት ኃይለኛ 4.5 ድምፅን ቀድማ ታልፋለች፤ ያኔ ጥይቷ ራሷ በመንገዷ ሁሉ ትሰነጥቃለች። አፈሙዝ ላይ የሚጠለቀው ድምፅ ማፈኛ አየሩን እንጂ ይህንን ስንጥቅ አያስቀረውም። የሚረዳው ከበድ ያለች እርሳስ መጠቀም ነው።

የፊተኛዋ የሞላ ጠመንጃዬ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ምላጩን ስትስብ ሞላው ተፈትቶ ፒስተኑ ግድግዳውን ሲመታ፣ ኳኳታው በሰደፉ በኩል ጉንጭህ አጥንት ውስጥ ይገባል። ለተኳሹ መብረቅ ነው፤ ለጎረቤት ግን ያን ያህል አይሰማም። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ «ታዲያ ድመቷን ያባረረው ምንድን ነው?» አልኩት። «እርሳስህን ምን ላይ ነው የምታሳርፈው?» አለኝ።

ብረት ሳጥን ላይ! እናትህን ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ማድ ቤት ቁጭ ብለው፣ ወንፊት በእጃቸው።

ቤት ገብቼ ሳጥኑን እስከ አፉ ድረስ አሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበትና በ5.5 ሞላዬ አሥር ተኮስኩ። ጎረቤቴ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ ቀናም አላሉ። ባለ 4.5ዋን ለክበቡ አሥር ሜትር መስመር አስቀርቻታለሁ፤ እዚያ እንደ ኦሊምፒኩ ከ4.5 ሌላ አይተኮስም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ ካላነሳህም ሰኞ እደውላለሁ። እስከዚያ ግን የአጎትህ ፍሎበር ቆጥ ላይ ካለች አውርዳትና አፈሙዟ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር አንብብልኝ። እኔ 4.5 ናት እላለሁ፤ አንተ መቼም እንቢ ትላለህ።

የሁልጊዜ ባልንጀራህ